የቆመ ጎማ አይጮህም

በዚያ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በፊት፣ የማስተምርበት ክፍል እንዲህ ነበር። ሃያ አራት ወንበሮች በአራት ረድፍ ተደርድረዋል። ከሃያ አራቱ የአንዱ እግር ስለሚያጥር ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተሸጉጦለታል። ፊት ለፊት ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው በስተቀኝ መስኮት፣ በስተግራ በእጄ የሠራሁት ሥዕል አለ። ጠረጴዛዬ ላይ ስምንት የአሻንጉሊት መኪኖች አሉ፤ አንዷ የኋላ ጎማ የላትም። መሳቢያው ውስጥ ጠመኔ፣ አምስት ሜትር የሚዘረጋ ሜትሮ እና የስድስት ዓመት የተማሪዎች መዝገብ ይገኛል። መዝገቡ ውስጥ 412 ስሞች ከነስልክ ቁጥራቸው ነበሩ። 412ቱም ዘጠነኛውን ትምህርት የተማሩት ከእኔ ነው።

የዘጠነኛው ትምህርት ርእስ «ከግጭት በኋላ አሽከርካሪ ምን ማድረግ አለበት» የሚል ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል የተዘረጋ እጅ ነው። የራሴን እጅ ወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ ካሰመርኩ በኋላ ሦስት እጥፍ አሳድጌ ገለበጥኩት። አውራ ጣቱ ላይ «ቁም» ይላል። አመልካች ጣቱ ላይ «ሞተር አጥፋ፣ ፍሬቻ አብራ»። መሀል ጣቱ ላይ «የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን ሠላሳ እርምጃ ርቀህ አቁም»። የቀለበት ጣቱ ላይ «ጎማዎቹን በጠመኔ ክበብ፣ ፎቶ አንሳ»። ትንሿ ጣት ላይ «ሰዎችን ተመልከት፣ እርዳታ ጥራ»።

የማስተማሪያ መጽሐፉ እንዲህ አይልም። መጽሐፉ ላይ ሰዎች ሦስተኛ ናቸው፤ ጠመኔው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰዎቹን ከመሀል ጣት ወደ ትንሿ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ።

ምክንያት ነበረኝ። መምህር ከመሆኔ በፊት የዱቄት መኪና ሾፌር ነበርኩ። አንድ ቀን መስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ የቤት መኪና ቅድሚያ ከልክሎ ገጨኝ። እኔ ዘልዬ ወርጄ ወደ ሾፌሩ ሮጥኩ። ሰውየውን አንድ ጭረት እንኳ አልነካውም። «ተጎዳህ ወይ? ውሃ ላምጣልህ?» እያልኩት ሳለሁ፣ አብሮት የነበረው ሰው መኪናዋን ሁለት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ገፋት። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ሲለካ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ወጣ። መንጃ ፈቃዴ ለስድስት ወር ታገደ፤ ሥራዬም አብሮ ሄደ። በዚያ ስድስት ወር ጠዋት ማታ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ጠመኔ ይዤ ብወርድ ኖሮ።

መምህር ስሆን ያንን ቁጭት ይዤው ክፍል ገባሁ። ለተማሪዎቼ ግን ቁጭት መሆኑን አልነገርኳቸውም፤ ትምህርት መሰላቸው። እንዳይረሱትም ቀልድ አከልኩበት። «የተጎዳ ሰው ይጮኻል» እላቸዋለሁ። «ጎማ ግን አይጮህም። ስለዚህ መጀመሪያ ለማይጮኸው ድረሱለት።» ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ሲያበቃ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ሦስት ጊዜ ይደግማል።

የተግባር አሠልጣኙን ባልደረባዬን ተማሪዎች «ፍሬኑ» ይሉታል፤ ከአሠልጣኙ በኩል ካለችው ፍሬን ላይ እግሩን ስለማያነሳ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ቀልዴን ሰማና፣ «ኧረ ተው ሜትሮ!» አለኝ። ሜትሮ እኔ ነኝ። «ጎማማ ይጮኻል። እኔ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ታዲያ ምን መሰለህ?»

«የቆመ ጎማ» አልኩት። «የቆመ ጎማ አይጮህም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀልዱን አርሜ መናገር ጀመርኩ። እርማት እወዳለሁ። የቀልዱ ሌላኛው ግማሽ፣ የተጎዳ ሰው ይጮኻል የሚለው፣ እርማት የሚያስፈልገው ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፀጉር ሠሪዋ መጣች።

ከሁለት ዓመት በፊት ያስተማርኳት ናት። የጣቶቿ ጫፍ በፀጉር ቀለም ቡናማ ሆኗል። ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ካርቶን የተሸጎጠበት ነበር።

«መምህር፣ እንደምን አደሩ? አላወቁኝም አይደል?»

«አውቄሻለሁ። ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጋ። ፈተናው ላይ ዘጠና ስምንት አምጥተሻል።»

«እሰይ!» አለች፤ ትከሻዋ ላላ ሲል አየሁ። «እኔም ለመርማሪዋ መምህሬ ይመሰክሩልኛል ብያታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ገጨሁ፣ መምህር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሱን አምኛለሁ። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ስወጣ አላየሁትም፤ የፒክአፑን በር መታሁት። የከሰሱኝ ግን በዚያ ብቻ አይደለም። የተጎዳ ሰው አልረዳችም ነው የሚሉት። እኔ ሰው ጥዬ የምሄድ ሰው ነኝ? አንድም ጣት አልዘለልኩም እኮ!»

እጇን ዘረጋችና ቆጠረችልኝ። አውራ ጣት፣ አመልካች፣ መሀል፣ ቀለበት፣ ትንሿ። ቅደም ተከተሉ አልተዛባም።

ከዚያ ስልኳን ሰጠችኝ። ፎቶዎቹ ላይ ሰዓት አለ። የመጀመሪያው ከጠዋቱ 1፡52 ላይ የተነሳ ነው፤ ሁለቱ መኪኖች ከነቆሙበት። 1፡54 ላይ ሦስት ማዕዘኑ፤ ሠላሳ እርምጃዋን ቆጥራ ሄዳ ቆጥራ ተመልሳለች። ከዚያ እስከ 2፡00 ድረስ ስምንት ጎማዎች፣ እያንዳንዱ በጠመኔ ተከቦ። ወደ ፒክአፑ መስኮት የደረሰችው 2፡01 ላይ ነው።

«ደህና ነዎት? አልኳቸው። ደህና ነኝ ልጄ አሉኝ። አጠገባቸው ቆሜ ስልክ ቁጥራቸውን ልጠይቅ ስል ግንባራቸው መሪው ላይ ወደቀ። ክላክሱ ጮኸ። ራሳቸውን እስካነሳላቸው ድረስ መጮኹን አላቆመም።»

«መንገደኛ አልነበረም?»

«ሞልቶ! ግን ሲያዩኝ ጠመኔ ይዣለሁ። አንዱማ በርቺ ብሎኝ አለፈ።»

ከፎቶዎቹ በ1፡57 የተነሳውን አጎላሁት። የፒክአፑ የፊት ግራ ጎማ ነው። ክቡ የተዋጣለት ነበር፤ መስመሩ የትም ቦታ አልተቆረጠም። ከክቡ መስመር አለፍ ብሎ፣ በሩ ሥር፣ አስፋልቱ ላይ የአዝራር ያህል ጥቁር ነጠብጣብ አለ። በ2፡00 ሌላ ጎማ ስታነሳ ያው ቦታ በፎቶው ጠርዝ ላይ ገብቷል። ነጠብጣቡ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን አክሏል።

ለእሷ አላሳየኋትም። ስልኩን መለስኩላት።

«ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ነው ቀጠሮዬ» አለች። «ትምህርት ቤቱ በደንብ እንዳስተማረኝ፣ እኔም የተማርኩትን እንዳደረግሁ አንድ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ? እንደ አባት ነው የማይዎት።»

«እጽፍልሻለሁ» አልኳት። ይህን ስል እጄን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንዳደረግሁት ያወቅሁት ከሄደች በኋላ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን እጅ ሳይ ነው።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሆስፒታል ሄድኩ። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው። የተጎዱት ሰው ሦስተኛው አልጋ ላይ ነበሩ፤ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሶፋ ሠሪ። ግራ ክንዳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ከምሰሶ ተንጠልጥሏል። የበሩ መስታወት ተሰብሮ ከክርናቸው በታች ነው የቆረጣቸው።

«እዚያ ላይ አትቀመጥ» አሉኝ ገና ሰላምታ ሳልሰጣቸው። «ስፖንጁ አልቋል፣ እንጨቱ ላይ ነው የምትቀመጠው። ያንን ሳበው። ማን ልበል?»

«የልጅቷ መምህር ነኝ፣ ጋሼ። መኪና ያስተማርኳት።»

«እንግዲያማ ሥራህን ታውቃለህ!»

እያሾፉብኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አላሾፉም።

«እውነቴን ነው፣ ወንድሜ። ድንጋጤው በረድ ሲልልኝ ቀና ብዬ አየሁ። ልጅቷ ወርዳለች። እርምጃ እየቆጠረች ስትሄድ፣ እየቆጠረች ስትመለስ አየኋት። ቀጥሎ ተንበርክካ ጎማዬን በጠመኔ ትከባለች። ይቺ ልጅ የምትሠራውን ታውቃለች አልኩ። እኔ ሶፋ ስለካ ሰው ሲያናግረኝ አልወድም፤ ቁጥሩ ከአፌ ላይ ይጠፋብኛል። ላቋርጣት አልፈለግሁም።»

«ደሙን አላዩትም?»

«ጭኔ ላይ ርጥበት ተሰምቶኝ ነበር። አጠገቤ የማስቲሽ ቆርቆሮ ነበረ፤ እሱ የተደፋ መሰለኝ። አዲሱ ሱሪዬ አለቀለት ብዬ ተናደድኩ።» ሳቁ፤ ሳቁ ክንዳቸውን ሲያንቀሳቅሰው ግን አቆሙት።

ልጠይቅ የመጣሁት ይህን ነበር፤ ጠየቅሁ። «አልጮሁም?»

«ለምን ልጩህ? አላመመኝም እኮ።»

ነርሷ ገብታ ፋሻውን አየች። የምታውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅኋት፤ ዘመድ ስለመሰልኳት መለሰችልኝ። ሁለት ጣቶችን የሚያጥፉትን ጅማቶች የቆረጠው መስታወቱ ነው። ይህ በግጭቱ ቅጽበት ያለቀ ነገር ነው፤ ማንም ቢደርስ አይመልሰውም። ደሙ ግን ሌላ ነው። ጨርቅ አጣጥፎ በላዩ ላይ አጥብቆ የሚይዝ አንድ እጅ ቢኖር አብዛኛው አይፈስም ነበር። ጅማቱን በዚያው ቅዳሜ ሊሰፉላቸው ተዘጋጅተው ነበር። ደማቸው በጣም ስለወረደ ቀዶ ጥገናው በአሥር ቀን ተላለፈ። በአሥር ቀን የተቆረጠ ጅማት ይሸሻል አለችኝ።

«ግራኝ ናቸው እኮ» አለች ስትወጣ። «መዶሻ የሚይዙት በዚያኛው ነው።»

ኃላፊነቱን ከፋፍዬ አየሁት፤ ልማዴ ነው። ግጭቱ የልጅቷ። መቆረጡ የመስታወቱ። ዘጠኙ ደቂቃ የእኔ።

ሶፋ ሠሪው «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር ሰው ሊጠይቀኝ መጣ ብዬ ለልጆቼ እነግራለሁ» ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኳቸው። ስለ ትንሿ ጣት አልነገርኳቸውም። «ይማርዎት» ብዬ ወጣሁ።

ትምህርት ቤት ስመለስ ፍሬኑ ክፍሌ ውስጥ ቆሞ ሥዕሉን ያያል። ወሬው ደርሶታል።

«ስማ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዳይሬክተሩ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። መጽሐፉ ላይ ትክክለኛው ቅደም ተከተል አለ። ትምህርት ቤቱ በመጽሐፉ ነው የሚያስተምረው ብለህ ጻፍ። ውሸት ነው?»

«አይደለም።»

«በቃ! እሷ አጣመመችው፣ ሰው ሲደነግጥ ያጣምማል። ይሄን ደግሞ ጠቅልለህ ቤትህ ውሰደው።» ሥዕሉን በአገጩ አመለከተኝ። «እዚህ ቤት የሚጠየቅ ሰው ከተገኘ እኮ ነገ የሚዘጋው በር የአንተ ብቻ አይደለም። የእኔም እንጀራ ነው።»

«የእሷስ?»

ፍሬኑ የአሻንጉሊት መኪናዋን አንስቶ ጎማ የሌለውን ጎኗን አየና መልሶ አስቀመጣት።

ደብዳቤውን ቤት ወስጄ ጻፍኩ። ሰባት ዓረፍተ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ በተፈቀደው መጽሐፍ እንደሚያስተምር፣ መጽሐፉ የተጎዳን ሰው መርዳት በሦስተኛ ደረጃ እንደሚያስቀምጥ፣ ተማሪዋ በዘጠና ስምንት ነጥብ እንዳለፈች፣ ጠባየ መልካም እንደነበረች። ሰባቱንም አንድ በአንድ መረመርኳቸው። አንዳቸውም ውሸት አልነበሩም።

ባለቤቴ የማተሚያ ቤት አራሚ ናት። የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። ቀዩን እስክሪብቶ ይዛ አነበበችው። ሲያልቅ እስክሪብቶውን ክዳን አለበሰችው።

«የሚታረም የለውም» አለች።

«ጥሩ።»

«ያስፈራኝም እሱ ነው። አንተ ስትጽፍ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ነጠላ ሰረዝ ትስታለህ። እዚህ ላይ አንድም አልሳትክም። ምን ልትደብቅ ነው እንዲህ የተጠነቀቅከው?»

ነገርኳት። ሥዕሉን፣ የዱቄቱን መኪና፣ ቀልዱን፣ የሰውየውን «አላመመኝም» ሳይቀር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ሰዎቹን ትንሿ ጣት ላይ እንዳስቀመጥኳቸው አታውቅም ነበር።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለች በመጨረሻ። «ስድስት ዓመት ሙሉ የተነገረ ወለምታ ደግሞ እንኳን በቅቤ በምንም አይታሽም። ግን ያቺ ልጅ በአንተ አፍ ስትቀጣ ዝም ካልክ፣ እኔ ነገ ከማን ጋር ነው ራት የምበላው?»

ደብዳቤውን አጣጥፌ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት። እስካሁን እዚያው አለ።

ሐሙስ ዕለት በሦስት ሰዓት ተኩል ትምህርት ቤት ደርሼ ሥዕሉን ከግድግዳው ነቀልኩ። በአራቱም ጥግ አንድ አንድ ሚስማር ነበረው። ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ሄድኩ። ፀጉር ሠሪዋ ከመርማሪዋ ቢሮ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ብድግ አለች።

«ደብዳቤው ይህን ያህል ትልቅ ነው እንዴ፣ መምህር?» ብላ ሳቀች።

መርማሪዋ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ቸኩላ የማታውቅ ሴት ናት። ሁለታችንም ገባን፤ ሥዕሉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። ጥጉ እየተጠቀለለ ስላስቸገረ አንዱን በማኅተሟ፣ አንዱን በስልኳ፣ ሁለቱን በእጆቼ ያዝኩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዘጠነኛው ትምህርት ነው። እሷ ያደረገችው ይህን ነው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ሰውን ሦስተኛ ያደርጋል፤ እኔ አምስተኛ አድርጌዋለሁ።»

መርማሪዋ የራሷን እጅ ከሥዕሉ አጠገብ አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ አነበበች። ትንሿ ጋ ስትደርስ ቀና አለች። «በስህተት ነው?»

«አይደለም። አስቤበት ነው።»

«በቃል ያስጠኑት ነበር?»

«በቃል። ቀልድም ነበረው።»

«ምን የሚል?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልቸገር የተናገርኩት ነገር አፌ ውስጥ ተደናቀፈ። «የተጎዳ ሰው ይጮኻል፤ የቆመ ጎማ አይጮህም። ስለዚህ መጀመሪያ ለማይጮኸው ድረሱለት።»

መርማሪዋ ጻፈችው። በጽሑፍ ስሰማው፣ ማለትም እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲፍቅ ስሰማ፣ የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረው አወቅሁ። ለፊርማ መልሳ ስታነብልኝ አንድ ቃል አላረምኩም።

እፎይ ትላለች ብዬ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞርኩ። እፎይ አላለችም።

«መጽሐፉ ላይ ሦስተኛ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ እኮ አምስት ቀን ሙሉ ቆሜ አልቆምኩም፣ ተኝቼ አልተኛሁም። አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ እያልኩ ራሴን ስሰድብ። አንድ ጣት ዘልዬ ይሆን እያልኩ ስቆጥር!» እንባዋ መጣ፤ በቡናማው ጣቷ ጠረገችው። «እኔ የሰው ፀጉር ቀለም ስቀባ ቅደም ተከተሉን ከመሬት ተነስቼ አልቀይርም። ለምን? ፀጉር ይነቀላላ! አንድ ራስ ብቻ ነው የሚበላሸው፤ እሱም መልሶ ይበቅላል። እርስዎ ስንት ሰው ነው ያስተማሩት?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ቆጥረውታላ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እኔም ዓይን ነበረኝ። ሁለት ጊዜ በመስኮታቸው አልፌያለሁ። የማየው ጎማ ጎማውን ነበር።»

መርማሪዋ ውሃ ቀዳችላት። እኔ ሥዕሉን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ እጄን ካነሳሁ ይጠቀለላል።

እርዳታ አላደረገችም የሚለው ክስ ቀረ። ስለ ግጭቱ መንጃ ፈቃዷ ለሦስት ወር ታገደ። የእኔ የማስተማር ፈቃድ ለአንድ ዓመት። ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ በየክፍሉ ያለውን ግድግዳ አይቶ ሄደ። ፍሬኑ ሦስት ሳምንት ካኮረፈኝ በኋላ ቤቴ መጣ። «አንተ ሰውዬ» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ራሱን በራሱ ጠልፎ ሲጥል እንደ አንተ በልኩ የወደቀ አላየሁም።» በብብቱ የተማሪዎቹን መዝገብ ይዟል። ዳይሬክተሩን አስፈቅዶ ነው ያመጣልኝ። እንድጠይቀው አልጠበቀም።

በማግስቱ መደወል ጀመርኩ። በመዝገቡ ቅደም ተከተል፣ በሳምንት አሥር ስልክ።

«አቤት? ማን? ሜትሮ! መምህር ሜትሮ! የቆመ ጎማ አይጮህም!» ይለኛል የመጀመሪያው፣ አሁን የውሃ መኪና የሚነዳ ሰው፤ በሳቅ ፍርስ እያለ።

«አሁን እየነዳህ ነው?»

«ኧረ ቆሜያለሁ።»

«እጅህን ዘርጋ።»

«በስልክ?»

«በስልክ። መጀመሪያ የድሮውን ድገምልኝ።» ደገመልኝ። «አንድ ነገር አሳስቼ አስተምሬሃለሁ። አውራ ጣት፣ ቁም። አመልካች፣ ሞተር አጥፋ፣ ፍሬቻ አብራ። መሀል ጣት፣ ሰው። ዝም ያለውን መጀመሪያ። የሚጮኸው ቢያንስ ይተነፍሳል። ድገምልኝ።»

ይደግማሉ። አንዳንዶቹ ይቆጣሉ፤ «ስንት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?» ይሉኛል። አንዲት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር «እኔ ልጆች ነው የምጭነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው። መልሼ ደወልኩ። አነሳች፤ ደገመችልኝ፤ ደህና ዋል ሳትለኝ ዘጋች።

ፀጉር ሠሪዋ በመዝገቡ ላይ 307ኛ ናት። ለእሷ አልደወልኩም። እሷ ደወለች፤ ስንት እንደደረስኩ ለመጠየቅ። ከዚያ በየሳምንቱ ሰኞ ትደውላለች። ሌላ አንናገርም። ቁጥሩን እነግራታለሁ፣ «እሺ» ትለኛለች።

ግጭቱ በደረሰ በስድስተኛው ወር ሶፋ ሠሪው ጋ ሄድኩ። ሱቃቸው ተከፍቷል። ግድግዳው በጨርቅ ጥቅል ተሞልቷል፤ መሀል ላይ ስፖንጅ ያልለበሰ የሶፋ አጥንት ቆሟል። መዶሻውን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። ሚስማሩን ከመምታታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ያነጣጥራሉ።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሆስፒታል የመጣሁ ቀን ማወቄን፣ አውቄም «ይማርዎት» ብዬ መውጣቴን ጭምር።

መዶሻውን አስቀመጡ። «ያን ቀን ብትነግረኝ እሰድብህ ነበር። ይወጣልኝ ነበር። ዱላ እንኳ ቢሆን ቀኝ እጄ ደህና ነበር» አሉኝ። «አሁን ስድቡ በርዷል። ምን ላድርግህ?»

እጃቸውን አየሁ።

ግራ እጃቸውን ዘርግተው ሊጨብጡት ሞከሩ። ሦስቱ ጣቶች መዳፋቸው ላይ አረፉ። የቀለበቱና ትንሿ መንገድ ላይ ቀሩ። በዓይኔ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገመትኩ። ምነው ሜትሮ ቢኖረኝ አላልኩም።

«ሐኪሙ የሚጨበጥ መለኪያ አለው» አሉ። «ቀኙ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ይጨምቃል። ግራው ሃያ አንድ። በል ቆመህ አትየኝ፤ ና ይቺን ጨርቅ ወጥረህ ያዝልኝ። በአንድ እጅ አይወጠርም።»

ወጥሬ ያዝኩላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ይቅር አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ጨርቁ ሲላላ «ወጥር» ይሉኛል፣ እወጥራለሁ።

መዝገቡን ትናንት ጨረስኩ። ከ412ቱ ሰዎች 338ቱን አግኝቻለሁ። አዲሱን ከመንገሬ በፊት ሁሉንም የድሮውን ቅደም ተከተል ጠይቄያቸው ነበር፤ 301ዱ አንድ ጣት ሳይስቱ ደገሙልኝ። የቀሩት 74 ሰዎች ስልክ አይሠራም።